እጃቸው ሲደክም ከረጢቱን ማን ይቀይር?

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሦስት አገር የመጡ ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን አውጥተናቸዋል። ሦስቱም በቀዶ ሕክምና አንጀታቸው በሆዳቸው በኩል እንዲወጣ ተደርጎ ሰገራቸውን በተለጣፊ ከረጢት ስለሚቀበሉ አረጋውያን የተጻፉ ናቸው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ የ79 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሆዳቸው በድንገት ተነፍቶ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው አንጀታቸው ተጠምዝዞ ስለተገኘ፣ የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ቀሪው በግራ ሆዳቸው በኩል እንዲወጣ ተደረገ። ኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል ተብሎ ነበር፤ ልባቸው ድካም ስላለበት ግን ሐኪሞቹ ሳይደፍሩት ቀሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በር ዘግተው ከረጢቱን ራሳቸው ሲቀይሩ ኖሩ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ሞራ አለበት፣ ሰውነታቸውም በጣም ከስቷል። በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት አንሶላው ርሶ ይነጋል፤ በስቶማው (ማለትም ከሆድ ላይ በሚታየው ቀዩ የአንጀት ጫፍ) ዙሪያ ያለው ቆዳቸውም ተልጧል። ከረጢቱን ቨርጂንያ ያለችው እህቴ በሰው እጅ ስለምትልክ፣ እንዲበረክትላቸው ብለው አንዱን አሥር ቀን ያቆዩታል። እንዳይወጣባቸው በማለት እህል ቀንሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ዕድርም መሄድ ትተዋል። «አባባ፣ ላግዝዎት» ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብኝ። ምን ባደርግ ይሻላል? አንጀታቸውስ አሁን ወደ ቦታው ሊመለስ አይችልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ፊታቸውን ማዞራቸው ነው። ነገር ግን እርጥቡ አንሶላ ካልቆመ ፊታቸው ከግድግዳው ስለማይመለስ ከመፍሰሱ እንጀምር።

አባትዎ ከረጢት መለጠፍ አልረሱም። የተለወጠው የሚለጠፍበት ሆድ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሲስተሯ ያስተማረቻቸው ሙሉ ለነበረ ሆድ ነበር፤ ሰው ሲከሳ ግን የሆድ ቆዳ ይላላል፣ ስቶማው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በዙሪያውም እጥፋት ይፈጠራል። እጥፋቱ በጀርባ ሲተኙ ስለማይታይ ብዙ ቤተሰብ፣ አንዳንድ ጊዜም የጤና ባለሙያ፣ ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ አባትዎን ወንበር ላይ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ ቀጥሎም ትንሽ ጎንበስ አስብለው ይመልከቱ። በስቶማው ግራና ቀኝ ወይም ከሥሩ ቆዳው እንደ ቦይ ከተሰመረ ሌሊት የሚፈሰው በዚያ በኩል ነው።

ይህንን የሚያረጋግጡበት ሌላም ዘዴ አለ። ከሆዳቸው ላይ የተነሣውን ተለጣፊ ወዲያው አይጣሉት፤ ገልብጠው ጀርባውን በብርሃን ይዩት። ሙጫው በአንድ ወገን ሟምቶ፣ ነጥቶ ወይም ሰገራ ሾልኮበት ካገኙት ሰዓት እንደሚያነቡ አድርገው ቦታውን ይያዙት፦ «ወደ ስድስት ሰዓት በኩል ነው» ወይም «ወደ ሦስት ሰዓት ነው» ብለው ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በተከታታይ ሦስት ቅያሬ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ከሆነ እዚያ ጎድጓዳ አለ ማለት ነው፤ ጎድጓዳውም በቀለበት መልክ በተሠራ ማሸጊያ ይሞላል። በቱቦ የሚመጣው ፔስት የሚባለው ልስልስ ማሸጊያ ብዙውን ጊዜ አልኮል ስላለበት የተላጠ ቆዳ ላይ ሲነካ እንደ በርበሬ ያቃጥላል፤ ለአባትዎ ለአሁኑ ቀለበቱ ይሻላቸዋል። ስቶማው ከቆዳው በታች ሰምጦ ከሆነ ደግሞ ወደ ቆዳው ጎበጥ ብሎ የተሠራ ተለጣፊና ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህኛው ግን ቆዳን ስለሚጫን ባለሙያ አይቶ ሊመርጠው ይገባል፤ እህትዎ በራሷ ገምታ እንዳትልክ ይንገሯት።

የቀዳዳው ልክም እንደገና ይለካ። ስቶማ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ስድስትና ስምንት ሳምንታት እየኮሰመነ ይሄዳል፤ ከዚያም በኋላ ሰውነት ሲከሳና ሲወፍር ይለዋወጣል። አባትዎ በአራት ዓመት የቆየ ልክ እየቆረጡ ከሆነ ዙሪያው ያለው ቆዳ ተጋልጦ ሰገራ እየነካው ነው። ቀዳዳው ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ። ልኩን በካርቶን ቆርጠው ከከረጢቶቹ ጋር ያስቀምጡት፤ ሌላ ሰው ሲቀይር እንዳይገምት ይረዳል።

ቆዳው የሚታጠበው በለብ ያለ ውኃ ብቻ ነው። ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ የሕፃን ቅባትና ቅባት ያለበት ሳሙና ሙጫው እንዳይዝ ስለሚያደርጉ ይራቁ፤ አልኮልም ቆዳውን ያቆስለዋል። ውኃ በሚያዣበት ቦታ ላይ ለስቶማ የተዘጋጀውን ዱቄት ነስንሰው ትርፉን ያራግፉት። ቅላቱ በዳርና ዳሩ ትንንሽ ነጠብጣብ እያወጣና እያሳከከ ከሄደ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ይፈልጋል፤ ጤና ጣቢያ ይታይ። በደረቀው ቆዳ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ደግሞ ተለጣፊውን በሁለት መዳፍዎ መካከል ወይም በብብትዎ ያሙቁት። የደብረ ብርሃንን የጥዋት ብርድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ በብርድ የደረቀ ሙጫ አይዝም። ከለጠፉም በኋላ አባትዎ መዳፋቸውን ላዩ ላይ አድርገው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጫኑት። ይህ የእርሳቸው ድርሻ ይሁን፤ የሚንቀጠቀጥ እጅም ቢሆን ሙቀት ይሰጣል።

አሥር ቀን ማቆየቱን በተመለከተ ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ዳሩ ግን ቁጠባው በማይቆጠብበት ቦታ ነው የሆነው። ተለጣፊው በየሦስትና አራት ቀኑ፣ ቢበዛ በሳምንት ይቀየር። ለመቆጠብ ካስፈለገ ተለጣፊውና ከረጢቱ የሚነጣጠሉበትን ዓይነት እህትዎ ትላክ፤ ከረጢቱ ታጥቦ ደርቆ ሊደገም ይችላል፣ ሙጫው ግን አይደገምም። ቀዳዳው በልክ ተቆርጦ የሚመጣና አፉ ተጠቅልሎ የሚጣበቅ ከረጢት ለሚንቀጠቀጥ እጅ ከመቆንጠጫው ይልቅ ይቀልላል። የተላከውን ከፀሐይና ከሙቀት አርቀው ያስቀምጡ፤ ጊዜው እንዳላለፈም ይመልከቱ። በአገራችን ከረጢቱ ሲያልቅባቸው ፌስታል በጨርቅ አስረው የሚያሳልፉ ሕመምተኞች ስላሉ እናንተ ቢያንስ የሚልክ ዘመድ ማግኘታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። ተለጣፊው ከረጢት ራሱ የተጸነሰው እኮ በቤተሰብ ችግር ነው፦ ኤሊስ ሶረንሰን የተባለችው ዴንማርካዊት ነርስ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሰበችው፣ እህቷ ቶራ ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ በሰው ፊት ይፈስብኛል ብላ ከቤት መውጣት ስለፈራች ነበር። የአባትዎ ፍርሃት አዲስ እንዳልሆነ ይህን ቢነግሯቸው አይከፋም።

እህል መቀነሳቸው ችግሩን ያባብሰዋል። ሳይበሉም ቢሆን አንጀት ንፍጥና ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም፤ በዚያ ላይ ሲከሱ እጥፋቱ ይጠልቃል፣ እጥፋቱ ሲጠልቅ ይፈስሳል፣ ሲፈስስ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳሉ። እራታቸውን በጊዜ ይብሉ፤ ሽሮ፣ ባቄላና ጥቅል ጎመን ጋዝ የሚያበዛባቸው ከሆነ ወደ ምሳ ይዛወሩ እንጂ አይቋረጡ። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋ፤ ከመተኛታቸው በፊትም የግድ ይደፋ። ቅያሬው ጥዋት ቁርስ ሳይበላ ቢሆን አንጀቱ ዝም ስለሚል ሥራው ይቀልላል። ሰገራቸው ከደረቀ ተልባ በውኃ ይረዳቸዋል፤ የልብ ሕመም ስላለባቸው ግን በቀን ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚፈቀድላቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። አባት ለልጁ፣ ይልቁንም ለሴት ልጁ፣ ሆዱን ገልጦ ሰገራውን ማሳየት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ «ላግዝዎት» ከማለት ይልቅ «ከማን እጅ ይሻልዎታል?» ብለው ይጠይቋቸው። ወንድም፣ የወንድም ልጅ፣ የጎረቤት ነርስ ሊሉ ይችላሉ፤ በሥራዬ ካየኋቸው አዛውንት አንዱ ከአራት ልጆቻቸው ሁሉ የአሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን መርጠው፣ ልጁም ከማናችንም የተሻለ እጅ ሆኖ ተገኝቷል። እርስዎን ከመረጡ ደግሞ ቁጭ ብለው፣ ከወገባቸው በታች በጋቢ ተሸፍነው ይሁን፤ እርስዎ ይቁረጡ፣ ይለጥፉ፤ እርሳቸው መስታወቱን ይያዙ፣ ቀኑን ይንገሩዎት፣ «እዚህ ጋ ጨምቂው» ብለው ይዘዙ። አዛዥ ሆነው ከቀሩ ማገዝዎ አይከብዳቸውም። የዓይናቸውም ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ከሆነ ሳይዘገይ ይነሣ፤ ስንት ሰው ዓይኑ ሲበራለት ከረጢቱን መልሶ በራሱ እጅ አድርጓል።

ቤተ ክርስቲያን መቅረታቸው ሽታን ፈርተው ከሆነ፣ በደንብ የተለጠፈ ከረጢት አይሸትም፤ ከሸተተ እየፈሰሰ ነው ማለት ነውና መፍትሔው ከላይ ያልነው ነው። አልነጻሁም ብለው ከሆነ ግን እኔም እርስዎም ልንፈርድበት አንችልም፤ የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ያነጋግሯቸው። ሳይጠይቁ በራሳቸው ላይ ፈርደው ስንት ቅዳሴ ያመለጣቸውን አውቃለሁ። ስለ ጾሙም አብረው ይጠይቋቸው።

አንጀቱ ወደ ቦታው ስለመመለሱ፦ ሀርትማን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1921 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀውና ዛሬም በስሙ በሚጠራው በዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ አረጋውያን ከረጢቱን እንደያዙ ይኖራሉ። መመለሻው ራሱን የቻለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ወሳኙ ዕድሜያቸው ብቻ ሳይሆን ልባቸው ነው። የልብ ሐኪማቸው መሻሻል ካየ እንደገና መጠየቅ ይቻላል፤ ካላየ ግን ሐኪሞቹ መተዋቸው ቸልታ አይደለም። ከታች በኩል አልፎ አልፎ ንፍጥ ቢወጣቸው ወይም «ሰገራዬ መጣ» ቢሉ አይደንግጡ፤ የቀረው የአንጀት ክፍል የራሱን ንፍጥ ስለሚሠራ ነው። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት የሚያስሮጠው ስቶማው ሲጠቁር ወይም ሲወይብ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ምንም ሳይወጣ ማስመለስ ሲጀምሩ፣ በስቶማው ዙሪያ ያበጠው ጠንክሮ ሲያም፣ ከውስጥ የሚመጣ ደም ሲኖር ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 83 ዓመታቸው ነው፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። በካንሰር ምክንያት ትልቁ አንጀታቸው ወጥቶ ትንሹ አንጀት በቀኝ ሆዳቸው በኩል ተከፍቷል። ካለፈው ወር ወዲህ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፣ ስሜን ይስታሉ፣ ከረጢቱን ይጎትታሉ። ጥሙ ስለበዛባቸው ውኃና ሻይ እያበዛሁ እሰጣቸዋለሁ፤ ከረጢቱ ግን በየሰዓቱ ይሞላል። የማስታወስ ችግር ጀምሯቸው ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርጅናውን ከመክሰስዎ በፊት ድርቀቱን ይመርምሩ። ይህን መልስ ሳያነቡ ሐኪማቸውን ደውለው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ካልደወሉ ዛሬውኑ ይደውሉ፤ ጨርሶ የደከሙ ከሆነም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

የእናትዎ ጉዳይ ከደብረ ብርሃኑ አባት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከትንሹ አንጀት የሚተርፈውን ውኃና ጨው መልሶ የሚመጥጠው ትልቁ አንጀት ስለሆነ እርሱ ከሌለ ሁለቱም በከረጢቱ በኩል ይሄዳሉ። ጨው የሌለበት ውኃና ሻይ ሲበዛ ደግሞ ጨዉን ይዞ ስለሚወጣ ጥሙ አይረካም፤ ከረጢቱ ይሞላል፣ ሰውየው ይደርቃል። የሚሰጣቸው በፋርማሲ የሚሸጠው ኦ.አር.ኤስ. (በውኃ የሚበጠበጥ የድርቀት ማከሚያ ዱቄት) ነው። እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው፣ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ያጠጧቸው፤ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለባቸው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀምሩ። ከከረጢቱ የሚደፋውን ሁሉ መስመር ባለው ማንቆርቆሪያ ለክተው ለአንድ ቀን ይጻፉ። ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የተለመደ ነው፤ ከአንድ ሊትር ተኩል ካለፈ ቁጥሩን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ «ብዙ ነው» ከማለት ቁጥሩ ይሻላል።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። የሽንት ማሸኛ የሚባለው የግፊት መድኃኒት ድርቀቱን ሊያፋጥነው ይችላል፤ ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ እንክብሎችም ሳይሟሙ ሙሉ ሆነው ከረጢቱ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ እንክብል ካዩ ፎቶ አንሥተው ያሳዩ። የሆድ ማለስለሻ በምንም ምክንያት እንዳይሰጣቸው ይጠንቀቁ። የቡና ቁርሱም ይታሰብበት፤ ፈንዲሻና ቆሎ ሳይፈጩ ወርደው የሆድ ቀዳዳው አጠገብ ሊዘጉ ስለሚችሉ ለእናትዎ ዳቦው ይቅረብላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ለእርሳቸው አደጋ ነው፤ ይህንንም ለንስሐ አባታቸው በግልጽ ይንገሩ።

ከረጢቱን የሚጎትቱት አብዛኛውን ጊዜ ሲሞላ ወይም ሲያሳክካቸው ነውና በመጀመሪያ ያንን ይዩ። ውስጡ የማይታይ ከረጢት፣ ከፍ ብሎ ወገብ ላይ የሚያርፍ ሱሪና ከኋላ የሚዘጋ ልብስ እጃቸውን ያርቅላቸዋል። ወጪውን በተመለከተ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ክፍል የሆነው ሜዲኬር ፓርት ቢ ከረጢቱንና ተለጣፊውን በሐኪም ትእዛዝ ይሸፍናል፤ ዓመታዊው ድርሻ ከተከፈለ በኋላ 20 በመቶው በእናንተ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ቤይሩት ነው። የአሠሪዬ እናት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ሲሆኑ በሆዳቸው በኩል ሰገራ ይወጣል። ስጠርጋቸው ቀዩ ሥጋ ደማ፤ «አንቺ ነሽ ያቆሰልሻቸው» ተብዬ ተቆጡኝ። እውነት እኔ ነኝ? በሽታውስ ይተላለፋል?

መልስ፦ ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም። ያ ቀይ ሥጋ እንደ አፍ ውስጥ ሥጋ ስስ ስለሆነ በትንሽ መንካት ጠብ ጠብ ይላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ሲጫኑት ይቆማል። የሕመም ስሜት የሚያደርስ ነርቭም የለውም። ካልቆመ፣ ወይም ደሙ ከውስጥ ከሰገራው ጋር ከመጣ ግን ወዲያው ንገሪያቸው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አይተላለፍም፤ ሰገራ ግን ሰገራ ስለሆነ ጓንት አድርጊ፣ ከዚያም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ከረጢቱ ወደ እግር ሳይሆን ወደ ጎን ዞሮ ቢለጠፍ ሰገራው ወደ ታች ስለሚወርድ ከተለጣፊው ሥር አይከማችም፤ ለመድፋትም ይመችሻል። የቀየርሽበትን ቀን፣ የቀዳዳውን ልክና የቆዳውን ሁኔታ በደብተር ጻፊ፤ ሌላ ጊዜ ቢቆጡሽ ደብተሩን ትከፍቺላቸዋለሽ።